ሲንኩ ከግራናይቱ ሥር ሲገባ፦ ከመግዛት እስከ ማጽዳት

የእኛ ቤት ሲንክ የወደቀው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ዱብ ሲል ሰምተን ኪችን ስንደርስ ሲንኩ በአንድ ጎኑ ከግራናይቱ ተላቆ ካቢኔቱ ውስጥ ተጋድሟል። ከሥሩ ያለው የታጠፈ የፍሳሽ ቱቦ፣ ሲፎኑ፣ ተነቅሏል። ሁለቱ ጀሪካኖች አንዱ በሌላው ላይ ተኝተዋል። በማግስቱ የውሃ ፈረቃችን ስላልነበር ማታ ሞልቼ ሲንኩ ውስጥ ያቆምኳቸው ናቸው። ሃያ ሃያ ሊትር፤ 40 ኪሎ መሆኑ ነው።

የገጠመልን ልጅ ሲንኩን ከድንጋዩ ጋር ያያያዘው በማስቲሽ ብቻ ነበር። ሌላ ድጋፍ አያስፈልገውም ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። «እህቴ አታስቢ፤ ማስቲሽ ሲደርቅ ድንጋይ ነው» አለኝ። አልዋሸም። ማስቲሹ ድንጋይ ሆኖ ግራናይቱ ላይ ቀርቷል። የለቀቀው ልሙጡን ብረት ነው።

ያንን ሲንክ ደግሜ አስገጠምኩት። ቀጥሎ ካዛንቺስ የእህቴን፣ ከዚያ የጎረቤቴን የእትዬን ቆሜ አስገጥሜያለሁ። ሦስት ጊዜ ካየሁት ውስጥ የሚጠቅመውን እነሆ።

መጀመሪያ፦ ለቤታችሁ ይሆናል ወይ?

ሻጮች «አንደርማውንት» የሚሉት ከካውንተሩ በታች የሚገጠመውን ሲንክ ነው። ከላይ የሚቀመጠው ጠርዙ ድንጋዩ ላይ ያርፋል፤ ክብደቱን ድንጋዩ ይሸከመዋል። ከሥር የሚገጠመው ግን ተንጠልጣይ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ሽንኩርት ከትፋችሁ ፍርፋሪውን በእጃችሁ ጠረግ አድርጋችሁ ቀጥታ ሲንኩ ውስጥ ትከቱታላችሁ። መሀል ላይ የሚያግድ፣ ቆሻሻ የሚይዝ ጠርዝ የለም።

ዕዳው ደግሞ የካውንተሩ የተቆረጠ ጎን ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ሲረጭበት መኖሩ ነው። ስለዚህ ካውንተራችሁ ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ላይ ፎርማይካ የተለበጠበት ከሆነ ነገሩን እርሱት። እርጥበት ገብቶ ያብጣል። ግራናይት፣ እብነ በረድ፣ ኳርትዝ፣ በደንብ የተሠራ ቴራዞ ይሆናሉ። ከእነዚህ ለኪችን የምመርጠው ግራናይት ነው። የቤንሻንጉሉ ዳለቲ እብነ በረድ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፤ ግን እብነ በረድ አሲድ አይወድም። ዶሮ በሎሚ ደጋግሞ በሚታጠብበት ቤት የሲንኩ ዙሪያ ከሁለት በዓል በኋላ ወዙ ይሄዳል።

ገበያ ሳትወጡ ሜትር ይዛችሁ ሦስት ነገር ለኩ።

የካቢኔቱን የውስጥ ስፋት። ሲንኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከዚያ ቢያንስ 7 ወይም 8 ሴንቲ ማነስ አለበት። ድጋፍ የሚቆመው በዚያ ክፍተት ነው።

የካውንተሩን ጥልቀት፣ ከፊት እስከ ግድግዳ። ብዙ ጊዜ 60 ሴንቲ ነው። ከፊት ቢያንስ 7 ሴንቲ ድንጋይ ይቀራል፤ የሲንኩ ውስጥ 40 ይወስዳል፤ ከኋላ 13 ይተርፋል። ቧንቧው የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፦ የፍሳሽ ቱቦው ግድግዳው ላይ በምን ከፍታ ይወጣል? ሒሳቡ እንዲህ ነው። ካውንተሩ ከወለል 90 ሴንቲ ቢሆን፣ ከዚያ የድንጋዩን ውፍረት 2 ሴንቲ፣ የሲንኩን ጥልቀት 22 ሴንቲ ቀንሱ። የሲንኩ ወለል 66 ላይ መጣ። ወንፊቱና ሲፎኑ እስከ 18 ሴንቲ ይበላሉ። 48 ሆነ። የግድግዳው ቱቦ ከዚህ ዝቅ ማለት አለበት። ከፍ ካለ ውሃው ሽቅብ አይሄድምና ወይ ጥልቀቱ ያነሰ ሲንክ ግዙ፣ ወይ ግድግዳ አስፈልፍሉ። እህቴ ቤት ቱቦው 52 ላይ ነበር። 24 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ሲንክ ዓይኗ ገብቶ ነበር፤ በ17 ሴንቲ ተጽናናች።

መግዛት

መርካቶ ገብታችሁ ሲንክ ስትጠይቁ ሁሉም «ኦሪጅናል 304 ነው» ይላችኋል። 304 የሚባለው አይዝጌ ብረት 18 በመቶ ያህል ክሮሚየምና 8 በመቶ ያህል ኒኬል አለው። ሳጥኑ ላይ 18/8 ወይም 18/10 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ርካሹ 201 ኒኬሉ ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካ ነው፤ ውሃ ሲውልበት ቶሎ ነጠብጣብ ዝገት ያወጣል።

ሻጩ ማግኔት አውጥቶ «አየሽ፣ አይስብም» ሲል እንዳትሸወዱ። 201ም አብዛኛውን ጊዜ አይስብም። ማግኔት የሚያጋልጠው 430 የሚባለውን፣ ጭራሽ ኒኬል የሌለውን ነው። በዚያ ላይ እውነተኛ 304 እንኳ ተጨፍልቆ በታጠፈበት ማዕዘን ላይ ትንሽ ሊስብ ይችላል። የተሻለው ብልሃት ብረቱ ላይ የታተመውን ቁጥር ማየት፣ ደረሰኙ ላይ «304» ብሎ እንዲጽፍ መጠየቅ ነው። ሲጽፍ እጁ ካመነታ መልሱን አገኛችሁ።

ውፍረት በጌጅ ይነገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብረቱ ይወፍራል። 18 ጌጅ 1.2 ሚሊ ያህል፣ 16 ጌጅ 1.5 ሚሊ ያህል ነው። ከ18 ጌጅ የሳሳ አትውሰዱ። «3 ሚሊ» የሚባሉት በብዛት ጠርዛቸው ብቻ ነው 3 ሚሊ፤ ገንዳው ሌላ ነው። የገንዳውን ወለል በአውራ ጣት ጫን በሉት። ቀጭ ብሎ ገብቶ ከተመለሰ ተዉት። ከሥሩ ደግሞ ጥቁር የጎማ ንጣፍ መለጠፉን እዩ፤ ውሃ ሲወርድበት እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ እንዳይጮህ የሚያደርገው እሱ ነው።

አንድ ገንዳ ወይስ ሁለት? እኔ ያለማመንታት አንድ ሰፊ እላለሁ። ሁለቱ ገንዳ ፎቶ ላይ ያምራል። የበዓል ድስት ግን አንዱም ውስጥ አይገባም፤ ግማሹ ውጭ ሆኖ ስታጥቡት ወለሉ ይታጠባል። ማዕዘኑ ፍጹም ቀጥ ያለውንም አልወድም። በርበሬና ሊጥ እዚያ ጥግ ይቀመጣል፤ ትንሽ ክብ ያለው በአንድ ስፖንጅ ይጠራል።

ለአዲስ አበባ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ከሁሉ በላይ ነው፦ ሲንኩ ጎኑ ላይ የትርፍ ውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው። ውሃ በሌለበት ቧንቧውን ከፍታችሁ፣ «የለም እንዴ» ብላችሁ ሳትዘጉት ከቤት ወጥታችሁ ታውቁ ይሆናል። ውሃው ሲመጣ ሲንኩ ውስጥ ሰሃን መውጫውን ደፍኖት ከሆነ የታችኛው ጎረቤት በሩን ያንኳኳል። ቀዳዳው ሙሉውን ጎርፍ ላይችል ይችላል፤ ጊዜ ግን ይገዛላችኋል።

ሳጥኑ ውስጥ የካርቶን ወይም የወረቀት ልክ፣ ማያያዣ ክሊፖችና ወንፊቱ ከነጓርኒሲዮኑ (ውሃ ከሚያግደው ጎማ ጋር) መኖራቸውን እዚያው ሱቁ ውስጥ አረጋግጡ። ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ክሊፕ ብቻውን መፈለግ ግማሽ ቀን ይበላል።

ድንጋዩን ማስቆረጥ

ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፦ መጀመሪያ ሲንክ፣ ከዚያ ቆረጣ። «አንቺ ብቻ ልኩን ንገሪን» ለሚል ድንጋይ ቆራጭ ልክ አትንገሩ። ሲንኩን ራሱን ወስዳችሁ ፊቱ አስቀምጡት። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ልክና ብረቱ በጥቂት ሚሊ ሊለያዩ ይችላሉ።

ሦስት ምርጫ ይቀርብላችኋል። ድንጋዩ ከገንዳው ላይ ጥቂት ሊወጣ፣ እኩል ሊሆን፣ ወይም 3 ሚሊ ገባ ብሎ ከብረቱ ጠርዝ ትንሽ ሊያሳይ ይችላል። ድንጋዩ ወጣ ሲል ሲሊኮኑ ይደበቃል፣ ያምራል፤ ግን ከሥሩ የሚከማቸውን ጥቁር ሻጋታ የምታዩት ጎንበስ ስትሉ ነው። እኩል ለማድረግ እጁ የተካነ ሰው ይፈልጋል። እኔ ሦስተኛውን አስደረግሁ። የሚታየኝን አጸዳለሁ፤ የማይታየኝን እኔም ልጆቹም አናጸዳም።

የተቆረጠው ጎን ልክ እንደ ላዩ ይወልወል። ጠርዙም ከ3 እስከ 5 ሚሊ ክብ ይበል። ጀሪካን ስታነሱ ወይም የብረት ድስት ስትከቱ የምትመቱት እሱን ነው፤ ስለት ያለው ጠርዝ ይሸረፋል። የቧንቧው ቀዳዳ 35 ሚሊ ይሁን፣ እዚያው ይበሳ።

ቆረጣው ወርክሾፕ ውስጥ በውሃ ይሁን። ቤት ውስጥ ግራይንደር በደረቁ እንዲነሳ አትፍቀዱ። የግራናይት ብናኝ ሲሊካ ስላለው ሳንባ ይጎዳል፤ መጋረጃና ምንጣፍ ውስጥም ይሰነብታል። ተቆርጦ ሲጓጓዝ ደግሞ ከፊት ያለችው 7 ሴንቲ ቅጥያ በጣም ደካማ ናት። ድንጋዩ ተኝቶ ሳይሆን ቆሞ ይጓዝ፤ ቅጥያዋ ላይ ጣውላ ይታሰርባት። እትዬ ቤት ሊገባ የነበረው ድንጋይ ደረጃ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀው አራት ሰዎች አግድም ይዘውት ሲወጡ ነው።

ድጋፉ፦ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ውስጡ 70 በ40፣ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ የሆነ ገንዳ ሲሞላ 56 ሊትር ይይዛል። 56 ኪሎ ማለት ነው። ሰሃኑ፣ ድስቱና የብረቱ የራሱ ክብደት ሲጨመር 70 ያልፋል። ይህን ማስቲሽም ሲሊኮንም ብቻውን አይሸከምም። ሲሊኮን ሥራው ውሃ መዝጋት ነው።

እኔ ያስደረግሁት ይህን ነው። በግራና በቀኝ፣ ካቢኔቱ ውስጥ፣ ከፊት እስከ ኋላ አንድ አንድ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ተዘረጋ። 30 በ30 ሚሊ በቂ ነው። የኋላው ጫፍ በፊሸርና በቡሎን ግድግዳው ላይ ታሰረ። የፊተኛው ጫፍ እስከ ወለል በሚደርስ እግር ላይ ቆመ። የሲንኩ ጠርዝ በእነዚህ ላይ ያርፋል። ቱቦላሬው ዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ። ደረቅ ሞራሌም ይሆናል፤ ግን ቫርኒሽ ወይም ቀለም ይጠጣ። የካቢኔቱ ጎን ጥሩ ኮምፔንሳቶ ከሆነ እግሩን ትታችሁ እሱ ላይ ልታስሩት ትችላላችሁ። ቺፑድ ከሆነ ግን ቡሎን አይዝም፤ አትሞክሩት።

ከፍታው ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡ። ብዙ ሰው ሲንኩ ወደ መውጫው እንዲያዘነብል ይፈልጋል። አያስፈልግም፤ ተዳፋቱ ከፋብሪካ ገንዳው ወለል ላይ አለ። ጠርዙ ቀጥ ይበል።

መግጠም

አዲስ ግራናይት ከሆነ ቀላሉ መንገድ ድንጋዩ ሳይጫን ሲንኩን ድጋፉ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ድንጋዩን ማሳረፍ ነው። ድንጋዩ ቀድሞ ካለ ሲንኩ በካቢኔቱ በር መግባቱን በቅድሚያ ሞክሩ። አንዳንዴ የበሩ መሀል ቋሚ መነቀል አለበት።

አንዴ በደረቁ ገጥማችሁ አራቱንም ጎን እዩ። ክፍተቱ እኩል ከሆነ ከሥር በእርሳስ ምልክት አድርጉና አውርዱት።

አሁን ጽዳት። የድንጋዩን የታች ገጽና የብረቱን ጠርዝ በአሴቶን ወይም በአልኮል ጥረጉ። ነጭ ጨርቅ ተጠቀሙ፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ። የእኔ ሲንክ መጀመሪያ ሲገጠም ጠርዙ ላይ የፋብሪካው ስስ ላስቲክ ሳይላጥ ቀርቶ ነበር። ማስቲሹ የያዘው ብረቱን ሳይሆን ላስቲኩን ነው።

ሲሊኮን ስትገዙ ኒውትራል የሚለውን ጠይቁ። ርካሹ አይነት ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ የሚያወጣው አሲድ እብነ በረድን ይበላል። ከትንሿ ጣት ቀጠን ያለ አንድ ያልተቋረጠ መስመር በጠርዙ ዙሪያ፣ ከቀዳዳው አንድ ሴንቲ ያህል ራቅ ብሎ አውጡ። መስመሩ ማዕዘን ላይ አይቆረጥ።

ከዚያ ማንሳት። ለዚህ ሥራ የሚሸጥ ማጥበቂያ አለ፤ የእኛ ባለሙያ ግን ፌሮ የሚታሰርበትን ጥቁር ሽቦ አወጣ። ከላይ በግራናይቱ ቀዳዳ ላይ አንድ ጠንካራ ጣውላ አጋደመ። ድንጋዩ እንዳይጫር ከሥሩ ጨርቅ አነጠፈ። ከታች በውሃ መውጫው ቀዳዳ በኩል አጭር እንጨት አገዳደመ። ሽቦውን ደርቦ ሁለቱን አሰረና መሀሉ ላይ ዱላ አስገብቶ ጠመዘዘው። ሽቦው ሲጠመዘዝ ሲንኩ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተነሣ። ሲሊኮኑ በዙሪያው ክር ክር እያለ ሲወጣ ማየት ነው፤ አንድ ቦታ ካልወጣ እዚያ ጎድሏል ማለት ነው። ያኔ ቆመ። አናጢዎች ካሳፎርማ (ኮንክሪት የሚፈስበትን የጣውላ ቅርጽ) እንደሚያጠብቁት ነው፤ ልኩን ካለፈ ብረቱ ይጣመማል።

በዚያው እንደተወጠረ ክሊፖቹን በየ20 ሴንቲ አጥብቁ፤ ጠርዙ ቱቦላሬው ላይ ያላረፈበት ቦታ ካለ ቀጭን የፕላስቲክ ሽብልቅ አስገቡ። የወጣውን ሲሊኮን ሳይደርቅ በሳሙና ውሃ በነከራችሁት ጣት ጥረጉ።

24 ሰዓት አትንኩት። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ስለሆነ በታኅሣሥ ደረቅ ብርድ 48 ሰዓት ስጡት። ሽቦውም እስከዚያው አይፈታ። ሰሃን ሁለት ቀን በሳፋ ቢታጠብ ማንም አይሞትም።

ፍሳሹና ቧንቧው

ይሄ ክፍል ከማንኛውም ሲንክ አይለይም፤ ባጭሩ ልለፈው። ወንፊቱ ከላይ በቀጭን ሲሊኮን ወይም በጓርኒሲዮኑ ይቀመጣል፤ ከሥር ጎማ፣ ከዚያ ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ። ዳዶው በእጅ ጠብቆ ከዚያ ሩብ ዙር ብቻ። ጎማ ባለበት መገጣጠሚያ ላይ ቴፍሎን አትጠምጥሙ፤ ቴፍሎን ጥርስ በጥርስ ላይ ለሚጠብቅ መገጣጠሚያ ነው።

እንደ አኮርዲዮን የሚሳበውን ቱቦ ተዉት። በየእጥፋቱ ቅባት ይይዛል፤ የቅቤ ነገር ታውቁታላችሁ። ልሙጥ ፒቪሲ፣ በሜትር 2 ሴንቲ ያህል እየወረደ ወደ ግድግዳው ይሂድ። ለቀዝቃዛውም ለሙቁም ለየብቻ መዝጊያ ቫልቭ ይኑር። አሮጌ ፍሌክሲብል ቱቦ አዲስ ሲንክ ላይ መልሶ መግጠም ቁጠባ አይደለም።

ፍተሻው በጠብታ አይደለም። መውጫውን ደፍናችሁ ሲንኩን እስከ ትርፍ መውጫው ሙሉት። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ በአንዴ ልቀቁት፤ ሲፎኑ የሚፈተነው በዚያ ጎርፍ ነው። ደረቅ ሶፍት በየመገጣጠሚያው አስነኩ። ሶፍቱ ከረጠበ ዓይናችሁ ያላየውን አየ።

አያያዝ

በረኪና አይዝጌ ብረት ላይ አይደር። ክሎሪኑ ብረቱን እንደ መርፌ ይቦረቡረዋል። ፎጣ በበረኪና ዘፍዝፋችሁ ሲንኩ ውስጥ ማሳደር የለመዳችሁ ሳፋ ግዙ። የሽቦ መፈግፈጊያም እንዲሁ ይቅር፤ ተሰባብሮ የሚቀረው ቅንጣት ይዝጋል፣ ሲንኩ የዛገ ይመስላል። ለዕለቱ ላርጎና ለስላሳ ስፖንጅ ይበቃል። አቅጣጫውን የብረቱን ጭረት ተከትላችሁ እሹት እንጂ ዙሪያውን አታሽከርክሩ። ቡናማ ነጠብጣብ ከወጣ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሳችሁ ቀቡት፣ ትንሽ ቆይታችሁ እሹት። ነጩ የውሃ እድፍ የሚመጣው ከማድረቅ ስንፍና ነው፤ ማታ በደረቅ ጨርቅ አንዴ ጥረጉ።

ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ደፍርሶ ነው። ጥቂት ይፍሰስ፤ በባልዲ ብትቀበሉት ለወለል ይሆናል። የቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊትም በየወሩ ፈታችሁ አሸዋውን አራግፉ። ግፊቱ ቀነሰ ብላችሁ ቧንቧ ሠራተኛ የምትጠሩት ብዙ ጊዜ በእሷ ነው።

የቡና አተላ ሲንክ ውስጥ አይደፋ። እትዬ ሦስት ጊዜ ካፈሉ በኋላ ጀበናውን እዚያው ያለቀልቁ ነበር። ሲፎኑን ስንከፍተው ከቅቤ ጋር ተጋግሮ እንደ ጭቃ ጡብ ወጣ። «ይሄ ሁሉ የእኔ ቡና ነው?» አሉ። አሁን አበባ ተክላቸው ሥር ነው የሚደፉት። የአብሽና የሊጥ እጣቢም ይያያዛል፤ ዕቃውን መጀመሪያ በሶፍት ጥረጉት። የፓስታ ውሃ ስትደፉ ቀዝቃዛውን አብራችሁ ልቀቁ፤ ፒቪሲ የፈላ ውሃ አይወድም።

ክፍለ ሀገር ለሁለት ሳምንት ስትሄዱ ሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ ሊደርቅ ይችላል። ሽታውን የሚያግደው እሱ ነውና ስትመለሱ ቤቱ ቢሸት አትደንግጡ፤ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሱ። ከመሄዳችሁ በፊት መውጫውን ብትደፍኑት በረሮም አይገባም።

በየስድስት ወሩ ባትሪ ይዛችሁ ካቢኔቱ ውስጥ ተንበርከኩ። በድንጋዩና በጠርዙ መሀል ወረቀት ለማስገባት ሞክሩ። ከገባ ሲንኩ ወርዷል። ያን ቀን ውሃ አትጠቀሙ፤ ከሥር በእንጨት ደግፉትና ባለሙያ ጥሩ። ከላይ ሲሊኮን መለቅለቅ ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ ብረቱን አይመልሰውም። ሲሊኮኑ ከጠቆረ ግን በራሳችሁ ይሠራል፦ አሮጌውን በፕላስቲክ ስለት ፍቃችሁ አውጡ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ አንድ ሌሊት ይድረቅ፣ አዲሱን አውጡ።

የእኔ አሁን አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ጀሪካኖቹ ወለል ላይ ነው የሚያድሩት።